ካምፐር ሚኒባስ ላይ የአየር ፊኛ ከማስገጠምዎ በፊት፦ ለሰሜን ሸዋ መንገዶች የሚሆን መመሪያ

«ሚኒባሴ ላይ አልጋና ማብሰያ አሠርቼ ኋላው ተቀመጠብኝ፤ የአየር ፊኛ ላስገጥም ወይስ ባሌስትራ ላስጨምር?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። የሚጠይቁት በአብዛኛው ከደብረ ብርሃን ተነስተው በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ፣ ወይም ወደ መሐል ሜዳና ጓሳ የሚወጡ ናቸው። መኪናው ሳይመዘን የሚሰጥ መልስ ግምት ነው። ስለዚህ እዚህ መጀመሪያ ይመዝናሉ፣ ከዚያ ይለካሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ፤ መግጠም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች ስላሉ አስቀድመን እንለያቸው። አንደኛው ረዳት ፊኛ ነው፦ ባሌስትራው (ክብደቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ባለበት ሆኖ በሻንሲው (በመኪናው የብረት አጽም) እና በኋላ አክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) መካከል በግራና በቀኝ ፊኛ ይገባል። ሁለተኛው ሙሉው የአየር ተሸካሚ ነው፦ ባሌስትራው ይወጣና መኪናው በአየር ብቻ ይቆማል። ሁለተኛውን ለዚህ አካባቢ አንመክርም። በኮረኮንች ላይ አንድ ቱቦ ቢቆረጥ መኪናው አክስሉ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ለማስነሳት የሚያስፈልገው ዕቃም መሐል ሜዳ ላይ አይገኝም። ረዳት ፊኛ ቢፈነዳ ግን ባሌስትራው ስላለ ቀስ ብለው ይደርሳሉ። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ስለ ረዳት ፊኛ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለመለካትና ለመወሰን፦
- ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደብተር
- የጎማ ንፋስ መለኪያ
- ክሪክና ሁለት የብረት ማቆሚያ (ብሎኬት አይሆንም፤ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል)
- የእጅ ባትሪ
- የመኪና ሚዛን፦ ከባድ መኪና የሚያስገባ ፋብሪካ ወይም የእህል መጋዘን አብዛኛውን ጊዜ አለው

ለመግጠም፣ ከወሰኑ ብቻ፦
- ለመኪናዎ ሞዴል የተሠራ ጥንድ ፊኛ፣ ከነመያዣ ብረቱና ከነብሎኑ
- 6 ሚሊ ሜትር የውጭ ስፋት ያለው የናይለን የአየር ቱቦ፣ ከ10 እስከ 12 ሜትር
- ሁለት ቫልቭ፣ ጎማ ላይ እንዳለው ዓይነት
- የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ቱቦውን ከመፈግፈግ የሚከላከል የላስቲክ ቁራጭ
- ፀረ ዝገት ቀለም፣ የሳሙና ውሃ
- ኮምፕሬሰር ከፈለጉ፦ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር፣ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ 30 አምፔር ፊውዝ፣ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ሁለት መርፌ ያለው የግፊት መለኪያ

1. መኪናውን እንደሚጓዝበት አድርገው ያስመዝኑ

የውሃው በርሜልና የነዳጁ ታንክ ይሙሉ፤ የጋዙ ሲሊንደር፣ ስኮርት ጎማው፣ የምግብ ሣጥኑ፣ የሚጓዘው ሰው ሁሉ ይግባ። ሦስት ጊዜ ይመዝኑ፦ የፊት ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ሆነው፣ መኪናው በሙሉ፣ ከዚያ የኋላ ጎማዎች ብቻ። የፊቱና የኋላው ድምር ከሙሉው ጋር መቀራረብ አለበት። ትላልቅ ሚዛኖች ብዙውን ጊዜ በ20 ኪሎ እርከን ስለሚያነቡ ትንሽ ልዩነት ችግር የለውም፤ ከ60 ኪሎ ካለፈ ግን ይድገሙት። ምክንያቱ በአብዛኛው መሬቱ ከሚዛኑ ጋር እኩል አለመሆኑ ወይም መኪናው ሲመዘን ፍሬን ተይዞ መቆየቱ ነው።

ያገኙትን ቁጥር በሾፌሩ በር አካባቢ ወይም በሞተሩ ክፍል ካለው የፋብሪካ ሰሌዳ ጋር ያስተያዩ። የጎማውንም ቁጥር ይዩ። ጎማው ላይ 106 የሚል የጭነት ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ የሚሸከመው ቢበዛ 950 ኪሎ ነው፤ 104 ከሆነ 900 ኪሎ። ሁለት ነጠላ ጎማ ያለው አክስል ከሁለቱ ድምር በላይ ሊጫንበት አይችልም።

ማስጠንቀቂያ፦ የአየር ፊኛ የመኪናውን የመሸከም አቅም አይጨምርም። ኋላውን ከፍ ያደርገዋል፣ ክብደቱ ግን ያው ነው፤ አክስሉ፣ የጎማ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ጎማው የሚሸከሙት አልተቀነሰም። ከልክ ያለፈ ጭነት ተጭኖ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ከተቀመጠው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሾፌሩ ከልክ ማለፉን የሚያይበት ምልክት ጠፍቶበታልና።

ሚዛኑ ከሰሌዳው በላይ ካሳየ እዚህ ላይ ያቁሙና ክብደት ይቀንሱ። ትልቁ ክብደት የሚገኘው ሰው ብዙም በማያስብበት ቦታ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ሉህ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፤ ቁም ሣጥኑና አልጋው በአራት ሙሉ ሉህ ከተሠሩ 160 ኪሎ ማለት ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ ተመሳሳይ አቅም ያለው ሊቲየም ከግማሹ በታች። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር ውሃ ከደብረ ብርሃን ጭኖ ሸዋ ሮቢት ማውረድ አያስፈልግም፣ እዚያው ይሞላል።

2. ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ይዩ

ብዙዎች ፊኛ የሚፈልጉት በክብደቱ ብዛት ሳይሆን በአቀማመጡ ምክንያት ነው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 2.57 ሜትር ያለው ሃይኤስ ይውሰዱ። 100 ኪሎ ውሃ ከኋላ አክስሉ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ የኋላ አክስሉ ላይ የሚያርፈው 100 ሳይሆን 131 ኪሎ ነው፤ ፊቱ ደግሞ በ31 ኪሎ ይቀላል። ያው በርሜል ከአክስሉ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢመጣ ኋላው የሚሸከመው 69 ኪሎ ብቻ ነው። በርሜል በማዛወር ብቻ 62 ኪሎ ከኋላ ወረደ።

ፊቱ ሲቀል መሪው ይለሰልሳል፤ በጭቃማ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዎች አይነክሱም። ይህን ፊኛ አያስተካክለውም፣ ማዛወር ያስተካክለዋል። ባትሪ፣ ውሃና ጋዝ በሁለቱ አክስሎች መካከል ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ኋላ በር ላይ ብርድ ልብስና ልብስ ይሁን።

3. ከፍታውን ይለኩ

የነዳጅ ማደያ ሲሚንቶ ወይም ሌላ የተስተካከለ መሬት ላይ ያቁሙ፤ የጎማዎቹን ንፋስ ያስተካክሉ። ከቸርኬው መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ያለውን በአራቱም ማዕዘን ይለኩ። አንዴ ባዶውን፣ አንዴ ተጭኖ። ከመሬት አይለኩ፣ የጎማው ንፋስ ቁጥሩን ያበላሸዋል።

ባዶ ሆኖ በግራና በቀኝ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ አንዱ ባሌስትራ ደክሟል ማለት ነው። ባዶው እኩል ሆኖ ሲጫን ከተዛባ ጥፋቱ የአጫጫን ነው።

4. ባሌስትራውንና ሾክ አብዞርበሩን ይመርምሩ

መኪናውን በማቆሚያ ላይ አሳርፈው በእጅ ባትሪ ይዩ። ባሌስትራው መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በመሐል ብሎኑ አካባቢና በጫፎቹ ነው፤ ቀጭን የዝገት መስመር ካዩ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ያረጋግጡ። ጎሚኒዎቹ (የባሌስትራው ጫፍ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ተበልተው እንደሆነ፣ ዩ ቦልቶቹ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት) ላልተው እንደሆነ፣ የአክስሉ መምቻ ላስቲክ (አክስሉ ወደ ላይ ሲመታ ሻንሲውን እንዳይነካ የሚያግደው) መደብደቡን ያሳይ እንደሆነ ይዩ። ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ካስለቀሰ ወይም የመኪናው ማዕዘን ተጭኖ ሲለቀቅ ከሁለት ጊዜ በላይ ከተነቃነቀ አልቋል።

ይህ ደረጃ የማይዘለለው አየር የሚሸከም እንጂ ንዝረት የሚያቆም ስላልሆነ ነው። በሞተ ሾክ ላይ ፊኛ ቢጨመር መኪናው ይበልጥ ይዘላል። በተሰነጠቀ ባሌስትራ ላይ የሚያርፍ ፊኛ ደግሞ ጫናውን አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያሳርፍ መሰበሩን ያፈጥነዋል።

5. ይወስኑ

ባዶ ሆኖም ኋላው የወረደ ከሆነ ባሌስትራው ሞቷል፤ ይቀየር። በእሳት አሙቆ ማቃናት ርካሽ ይመስላል፣ ነገር ግን የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በትክክለኛ ሙቀት ግሎ፣ ተነክሮና ተመልሶ ሞቆ ነው። በከሰል ሞቆ በራሱ ከቀዘቀዘ በጥቂት ጊዜ ተመልሶ ይተኛል ወይም ይሰበራል።

ባዶው ጥሩ ሆኖ ጭነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ (ቁም ሣጥንና አልጋው ተበይዶ የተቀመጠ፣ የማይወርድ) ባሌስትራ መጨመር ይሻላል። ቋሚ ጭነት ቋሚ ተሸካሚ ይፈልጋል። አየር የሚያስፈልገው ተለዋዋጭ ነገር ሲኖር ነው። የሚጨመረው ግን ከነባሮቹ ጋር የሚመጣጠን ይሁን፤ ከከባድ መኪና የተቆረጠ ወፍራም ባሌስትራ መኪናውን ከማድረቁም በላይ የባሌስትራ መያዣው ባለበት ሻንሲውን ይሰነጥቃል።

መኪናው በኩርባ ላይ መወዛወዙ ብቻ ካስቸገረዎት መጀመሪያ ሾኩን፣ የጎማ ንፋሱንና ጣሪያ ላይ የተጫነውን ይመልከቱ። ጣሪያ ላይ ያለ 60 ኪሎ ለጣርማ በር ጠመዝማዛ ወለል ላይ ካለ 60 ኪሎ የከፋ ነው።

ረዳት ፊኛ ትክክለኛ መልስ የሚሆነው ክብደቱ ከልክ በታች ሆኖ፣ ባሌስትራውና ሾኩ ጤነኛ ሆኖ፣ ጭነቱ በጣም ሲለዋወጥ ነው፦ አንድ ሳምንት ሁለት ሰው፣ ሌላ ሳምንት ስድስት እንግዳ ከነድንኳኑ። ሁለተኛ ጥቅሙ ሌሊት ሲያድሩ ነው፤ ጓሳ ላይ ሜዳው ዘንበል ካለ አንዱን ጎን በጥቂት ሴንቲ ሜትር አንስቶ አልጋውን ማስተካከል ይቻላል። ጠዋት ከመነሳት በፊት ግን ሁለቱም ወደ ልካቸው ይመለሱ።

6. የፊኛውን መጠን ያስሉ

ገበያ ላይ ያለውን ትልቁን መግዛት ስህተት ነው። የራስዎ ልኬት ይበቃል። ምሳሌ፦ የኋላ አክስሉ ባዶ 1,000 ኪሎ፣ ተጭኖ 1,400 ኪሎ፤ የወረደው 80 ሚሊ ሜትር ይሁን። 400 በ80 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 5 ኪሎ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ለመመለስ ፊኛዎቹ 200 ኪሎ መግፋት አለባቸው፣ እያንዳንዱ 100 ኪሎ። የሚገፋበት ስፋት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊኛ በ1 ባር (14.5 ፒኤስአይ) ወደ 100 ኪሎ ይገፋል። ስለዚህ የሚበቃው 1 ባር አካባቢ ነው።

የወረደውን ሁሉ አይመልሱ፤ ግማሹ ይበቃል። የተጫነ መኪና ትንሽ መውረዱ ጤነኛ ነው። ስሌቱ ከ4 ባር በላይ ካወጣ ፊኛው አንሷል ወይም ጭነቱ በዝቷል።

7. ይግጠሙ

ሀ. መኪናው በሻንሲው ተነስቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ይለኩ። ይህ ርቀት ፊኛው ከሚዘረጋበት ልክ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲወድቅ ፊኛው ከመያዣው ይነቀላል።

ለ. ፊኛው ሙሉ በሙሉ ሲነፋ በዙሪያው 25 ሚሊ ሜትር ክፍት ይኑረው። ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ካልሆነ መካከሉ ላይ የቆርቆሮ መከላከያ ይግባ።

ሐ. አክስሉ ላይ አይበይዱ። የሻንሲውን የላይኛና የታችኛ ጠርዝ አይብሱ፤ ትልቁን ጫና የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። መብሳት ግድ ከሆነ ቋሚው ግድግዳ ላይ ይሁንና የተበሳው ወዲያው ፀረ ዝገት ይቀባ።

መ. ቱቦውን በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። በመቁረጫ የተጨፈለቀ ወይም ዘንበል ብሎ የተቆረጠ ጫፍ የብዙ ቀዳዳዎች መነሻ ነው። በሻንሲው ውስጥ ያሳልፉት፣ ከፍሬን ቧንቧ ጋር አይሰሩት፣ አክስሉ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ላላ ያለ ዙር ይተዉለት።

ሠ. የግራና የቀኝ ቱቦ በፍጹም አይገናኙ። በአንድ ቫልቭ ሁለቱን መንፋት ይቀላል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። ያኔ በኩርባ ላይ ከተጫነው ጎን አየሩ ወደ ቀለለው ይሸሻል፤ መኪናው መቋቋም በሚገባው ሰዓት ይበልጥ ያዘነብላል።

8. የፍሬን ቫልቩን ያስተካክሉ

ከዚህ ሥራ ሁሉ በጣም የሚዘነጋውና በጣም የሚጎዳው ይህ ነው። በብዙ ቫኖች ላይ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ይገኛል። ቫልቩ ክብደትን የሚያውቀው በከፍታ ነው፦ ኋላው ሲወርድ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ይጨምራል፣ ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። ፊኛው መኪናውን ሲያነሳው ቫልቩ ይታለላል። ሙሉ የተጫነ መኪና የኋላ ፍሬኑ እንደ ባዶ ይሠራል፤ የፊቱ ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ፍሬን የሚያሳጣ ነገር ነው።

ከመግጠምዎ በፊት የዘንጉን አቀማመጥ ፎቶ ያንሱና ይለኩ። ከገጠሙ በኋላ ፍሬን የሚያውቅ መካኒክ በመኪናው መጽሐፍ መሠረት ለአዲሱ ከፍታ ያስተካክለው። ዘንጉን በሽቦ አንድ ቦታ ላይ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ባዶ ሲሆን በእርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማዎች ይቆለፋሉ። የፊት መብራቱም ከፍታው ተለውጧልና ያስተካክሉት።

9. መፍሰሱን ይፈትሹ

መኪናውን ጭነው ሁለቱንም ወደ 3 ባር ይንፉ፣ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ይቀቡ። አረፋ ካለ ቱቦውን አውጥተው ጫፉን እንደገና ይቁረጡ።

ከዚያ ያሳድሩት። ደብረ ብርሃን ላይ ከሰዓት በ20 ዲግሪ የተነፋ ፊኛ ንጋት ላይ በ2 ዲግሪ ሲለካ ምንም ሳይፈስ ከ0.2 ባር በላይ ቀንሶ ይገኛል፤ ብርዱ ነው። ስለዚህ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይለኩ። ያኔም ከቀነሰ በእርግጥ ይፈሳል።

10. ግፊቱን ለመንገዱ ያስተካክሉ

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። «ከፍታ ላይ ፊኛው ያብጣል፣ ቆላ ላይ ይጨማደዳል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በከፍታው ልዩነት ብቻ መለኪያው በ0.15 ባር ገደማ ይለወጣል፤ ሲወርዱ ይቀንሳል። ነገር ግን ቆላው ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። በ5 ዲግሪ 2 ባር የተነፋ ፊኛ 35 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ተካክሰው ወደ 2.15 ባር ያነባል። ስለዚህ በየከተማው እየቆሙ ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ ጠዋት ከመነሳት በፊት አንዴ ይለኩ።

ባዶ ሲሆንም ከ0.5 ባር በታች አያውርዱት። አየር የሌለው ፊኛ ሲታጠፍ እጥፉ መካከል አሸዋ ይገባና ላስቲኩን ይበላዋል።

ሁሉንም ብሎኖችና ዩ ቦልቶች ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ያጥብቁ። በክረምት ከመንዝ ጭቃ ሲመለሱ ፊኛዎቹን በውሃ ይጠቡ፤ ዘይትና ናፍጣ ግን አይንካቸው።

ስለ ኮምፕሬሰር

ግድ አይደለም። ረዳት ፊኛ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ የጎሚስታ ቱቦ በሰከንዶች ይሞላዋል፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ እንዲነፋ ይንገሩት፣ ቶሎ ከልክ ያልፋል። ካስገጠሙ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፕሬሰር የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ካለው በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሠራ ይግላልና እያሳረፉ ይንፉ። የአየር ታንክ ካለው ውሃውን በየጊዜው ያፍስሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የተጠራቀመው ውሃ ቫልቩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ሌሊቱን ይዘጋዋል።

የተለመዱ ስህተቶች

- መኪናው «እንዲያምር» ኋላውን ከፊቱ በላይ ማንሳት። ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የካርዳኑ (ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ይዛባል፣ ንዝረት ይመጣል።
- ጭነቱ ከወረደ በኋላ በ3 ባር መንዳት። ኋላው ይደርቃል፣ ጎማው በኮረኮንች ላይ መሬት ይለቃል።
- በአንድ ጎን ግፊት በመጨመር የተዛባ ጭነትን መደበቅ።
- መምቻ ላስቲኩን አውጥቶ በቦታው ሌላ አለማስገባት። ፊኛው ውስጥ የራሱ መምቻ ከሌለው ሲፈነዳ ብረት ከብረት ይጋጫል።

ፊኛው መንገድ ላይ ቢፈነዳ

ፍሬን በድንገት አይያዙ፤ ማርሽ ቀንሰው ቀስ ብለው ጠርዝ ይያዙ። የጤነኛውንም ጎን አየር ያስወጡ፣ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ በኩርባ ላይ ይጎትታል። ውሃውን ይድፉ፣ ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት ያዛውሩ። የተቀደደው ላስቲክ የፍሬን ቧንቧ ወይም ጎማ እንዳይነካ ጠቅልለው ይሰሩት። መኪናው ስለወረደ የፍሬን ቫልቩ የሚያደርሰው ግፊት ለአዲሱ ከፍታ ከተስተካከለው የተለየ ነው፤ ጉዞ ከመቀጠልዎ በፊት ሜዳ ላይ በዝግታ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩ፣ ኋላው ቶሎ እንደሚቆለፍ ካዩ ረጋ ብለው በመያዝ በዝቅተኛ ማርሽ ይንዱ።